ከቋጠሮው በፊት ውሉ፦ ሺባሪን ከሰዎች ጋር እንዴት እንማር?

በአማርኛ «ውል» ሰዎች የሚዋዋሉት ስምምነትም ነው፣ ገመድ ላይ የሚቋጠረውም ነው። ሰውን በፈቃዱ በገመድ የማሰር የጃፓን ጥበብ የሆነውን ሺባሪን መማር ለሚፈልግ ሰው ይህች አንዲት ቃል የትምህርቱን ቅደም ተከተል ይዛለታለች።

ሺባሪ በጃፓንኛ «ማሰር» ማለት ነው። ብዙዎች ሥሩን በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) እስረኛን በገመድ ይይዙበት ከነበረው ሆጆጁትሱ ከሚባል ጥበብ ይመዝዙታል። ሠዓሊው ኢቶ ሴዩ (1882–1961) ደግሞ የዘመናዊው አስተሳሰር አባት ተብሎ ይጠራል። ዛሬ አንዳንዱ ለፍቅር ቅርበት፣ አንዳንዱ ለውበቱ፣ አንዳንዱም አእምሮን ጸጥ ስለሚያደርግ ያስራል። ሁሉም ለአዋቂዎች ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጉ

ቪዲዮ ቋጠሮው ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ያሰራችሁት እጅ ኃይሉን እያጣ መሆኑን ግን አይነግራችሁም፤ ይህን የሚያይላችሁ አጠገባችሁ ያለ ልምድ ያለው ሰው ነው። አብረው የሚለማመዱ ሰዎች ስታገኙ በመጀመሪያው ቀን ገመድ ሳትነኩ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ሰው «በቃ» ሲል እጆች ወዲያው ይቆማሉ? የቆዩት ሰዎች ስህተታቸውን በግልጽ ያወራሉ? ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል? ቅሬታ ያለው ሰው ለማን እንደሚናገር ይታወቃል? ገና በተዋወቃችሁበት ቀን ለብቻችሁ ሊያስራችሁ የሚቸኩል ወይም የማቆሚያ ቃል ለጀማሪ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ራቁት።

ጓደኛ ይዞ መምጣት ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጀምረው በራሱ እግር ላይ ነው፤ ለእኔም የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የምታጠብቁት ገመድ ምን እንደሚያደርግ በራሳችሁ ሥጋ ትሰሙታላችሁ።

ገመዱ

ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ7 እስከ 8 ሜትር ርዝመት ያለው ጁት (ጆንያ የሚሠራበት ተክል) ወይም ሄምፕ (ሌላ ቃጫ የሚሰጥ ተክል) ምረጡ። ለመነሻ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። የተፈጥሮ ቃጫ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ብዙ ቋጠሮ ሳይፈልግ ይቆማል፤ ናይለን ግን ያንሸራትታል። ጫፉ ደነዝ የሆነ የፋሻ መቀስም እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

የቃሉ ውል

ከማሰር በፊት ተነጋገሩ፦ የት ይነካል፣ የት አይነካም፣ የቆየ ጉዳት አለ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ብዙዎች በትራፊክ መብራት ይግባባሉ፤ አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀንስ፣ ቀይ ፍታ። መጠጥ የቀመሰ ሰው አያስርም፣ አይታሰርምም። «ታሳሪ» የሚለው ቃል እስር ቤት እስር ቤት ስለሚሸት አልወደውም። ገመዱን የሚቀበለው ሰው ሥራ አለበት፤ ሥራውም ሰውነቱን ማዳመጥና መናገር ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የእጅ አንጓዬን ታስሬ አውራ ጣቴ ሲደነዝዝ የሚያስረኝን ሰው ላለማቋረጥ ብዬ ዝም አልኩ። ድንዛዜው ሦስት ቀን ቆየ። ያ ዝምታ ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለእሱም ለእኔም የማይጠቅም ጥፋት ነበር።

የመጀመሪያው ቋጠሮ

ገመዱን ከመሃሉ እጠፉና የታጠፈውን ጫፍ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የምትሠሩት በድርብ ገመድ ነው። ከጉልበታችሁ አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ ጭናችሁን ሁለት ዙር ጠምጥሙ። አራቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይተኙ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ፤ ጫናው የሚከፋፈለው በስፋቱ ነው።

አሁን የታጠፈውን ጫፍ በረጅሙ ገመድ (ከጥምጥሙ በተረፈው) ላይ አሻግሩ፣ ከዚያ በአራቱም መስመሮች ሥር አሳልፋችሁ አውጡት። ጫፉንና ረጅሙን ገመድ አንዴ ደግማችሁ ቋጥሩ፤ መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ ከሄደ አሁን ግራው በቀኙ ላይ ይሂድ። ትክክል ከሆነ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ከጥምጥሙ ሥር ሁለት ጣት በምቾት መግባት አለበት። ረጅሙን ገመድ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ጥምጥሙ ከጠበቀ ፍቱና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ይህ ቋጠሮ ለመማሪያ ነው፤ በኃይል ሲጎተት ሊገለበጥ ስለሚችል ክብደት አታሸክሙት።

ነርቭ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ደም ሲታፈን ቆዳ ይቀዘቅዛል፣ መልኩ ይለወጣል፤ ያስታውቃል። ነርቭ ሲጨነቅ ግን እንደ መርፌ የሚወጋ ስሜት፣ ድንዛዜ ወይም ድክመት ይመጣል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ከትከሻና ከክርን መካከል በክንድ ውጭኛው ጎን የሚያልፈው ነርቭ ከተጎዳ እጅ ከአንጓው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለመመለስም ሳምንታት ወይም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭኛው ጎን፣ በክርን ውስጠኛ ጎን፣ በብብትና በብሽሽትም ገመድ አታጥብቁ። አንገት ላይ በምንም ምክንያት አይታሰርም።

ከማሰራችሁ በፊትና በየጥቂት ደቂቃው ገመዱን የሚቀበለውን ሰው ይህን አስደርጉት፦ መዳፉን ከአንጓው ወደ ኋላ ያንሳ፣ ጣቶቹን ይዘርጋ፣ ጣታችሁን ይጭመቅ። ከመጀመሪያው የደከመ ነገር ካለ ወዲያው ፍቱ፤ ቋጠሮው ካስቸገረ ቁረጡት። የታሰረን ሰው ለአፍታም ቢሆን ብቻውን አትተዉ። ማዞርና ማጥወልወል ሲመጣ ፈትታችሁ አስተኙት። ሰውን በገመድ ማንጠልጠል ደግሞ አጠገባችሁ ቆሞ ከሚያስተምር ሰው ጋር ብዙ ጊዜ ካሳለፋችሁ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በራሳችሁ አትሞክሩት።

መፍታት

ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። ገመዱ ቆዳውን ሳይጎትት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ትንፋሽ ይረጋል፣ የገመዱ ምልክት ቆዳ ላይ ጥቂት ይቆይና ይጠፋል። ብርድ ልብስና ውኃ አዘጋጁ። ሰውየው መናገር ካልፈለገ አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በማግስቱ እጁ እንዴት እንዳደረ፣ ስሜቱም እንዴት እንደሆነ ጠይቁት፤ ድንዛዜው ወይም ድክመቱ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገናኙም ያን ቀን የተመቸውንና ያልተመቸውን አንስታችሁ ውሉን እንደ አዲስ ተዋዋሉ።