የሥጋ ዶሮ አሳርዳችሁ ልትሸጡ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ቢሾፍቱም ሆነ አዲስ አበባ ዳርዳሩን 100፣ 200 ብሮይለር (የሥጋ ዶሮ) የሚያረባ ሰው ሲገናኝ ወሬው የጫጩትና የመኖ ዋጋ ነው። ልክ ነው፣ ያማል። ግን ብዙ ብር የሚፈሰው ዶሮው ከደረሰ በኋላ ነው፣ ከ45ኛው ቀን ወዲያ።

ጫጩት አስገብቶ ማረጃ ፍለጋ መውጣት፦ የስህተቶች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። ማሽን ያላቸው የዶሮ ቄራዎች አብዛኛውን ጊዜ የትልልቅ እርባታዎች ናቸው፣ የራሳቸውን ነው የሚያርዱት፣ ለናንተ 150 ዶሮ ብለው ማሽን አያስነሱም፣ ቢቀበሏችሁም ወረፋ ነው። ወረፋ ስትጠብቁ ዶሮው መብላቱን አያቆምም። በዛ ዕድሜ አንዷ በቀን ወደ 180 ግራም ትበላለች፣ 200 ካሏችሁ 36 ኪሎ፣ ሶስት ቀን ከዘገያችሁ ከኩንታል በላይ ሄደ። ክብደት ትጨምራለች እኮ የሚል አይጠፋም፣ አዎ ትጨምራለች፣ ግን ሆቴሉ የሚፈልገውን መጠን ቀድሞ ነግሯችሁ ከሆነ ለትርፉ ኪሎ የሚከፍላችሁ ማነው? ስለዚህ መጀመሪያ ገዢ፣ ከዛ የማረጃ ቀጠሮ፣ ጫጩት መጨረሻ። ሶስት አራት ሆናችሁ ቀን አስማምታችሁ አንድ ላይ ብትወስዱ ደግሞ ቄራውም ፊት ይሰጣችኋል።

ፆም አለመቁጠር፦ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጥር መጨረሻ ጫጩት ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ ዶሮው የሚደርስለት ፆሙ መሀል ላይ ነው። "ለበዓል ይሸጣል" የሚለውም ያሸውዳል፣ ለፋሲካ ሰው ገበያ ወርዶ በቁሟ የሚገዛው ቀይ የአበሻ ዶሮ ነው እንጂ ነጯን ብሮይለር አይደለም፣ እናት ፊት ነጭ ዶሮ ይዛችሁ ግቡና እዩት። የብሮይለር ገበያ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱፐርማርኬት ነው፣ ሙስሊም ደንበኛ ያለው ደግሞ በሁዳዴም ይሰራል።

የአራጁን ነገር ችላ ማለት፦ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም እንደዛው። ገዢውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱንም የምታቀርቡ ከሆነ በተለያየ ዕቃ፣ ተለይቶ ተጽፎበት። አንዴ ከተቀላቀለ ደንበኛው ተመልሶ አይመጣም፣ እውነቱን ነው።

እስከ ማረጃው ሰዓት መመገብ፦ አንጀቷ ሙሉ የሆነች ዶሮ ስትከፈት ይቀደድና ሥጋው ላይ ይፈሳል፣ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሥጋው ላይ የሚደርሰው አንዱ እንዲህ ነው። ማረጃው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲቀረው መኖ አንሱ፣ ውሃ ግን አትከልክሉ። ከዛ በላይ ማስራብም ጥሩ አይደለም፣ አንጀቱ ይሳሳና ያው መቀደዱ አይቀርም፣ ኪሎም ይቀንሳል።

የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር፦ ቤት ለወጥ ሲሆን ማንም አይጠይቃችሁም፣ ለሽያጭ ሲሆን ግን ቆዳው ይበስልና ላባ ሲነጭ አብሮ ይላጣል። 60 ዲግሪ አካባቢ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቴርሞሜትር ግዙ፣ በጣት መለካት ይቅር።

ሳይበርድ በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር መክተት፦ ይሄን ብዙ ሰው ነው የሚሰራው። ሀያ ሰላሳ ትኩስ ዶሮ ተደራርቦ ሲገባ ላዩ ይደርቃል መሀሉ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል፣ መብራት ከሄደማ አለቀ። መጀመሪያ በረዶ ያለበት ንጹህ ውሃ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይቀዝቅዝ፣ ውሃው ይንጠፍ፣ ከዛ ይታሸግ። ላባ የነጫችሁበትን ባልዲ እዚህ ጋ እንዳታመጡት ደግሞ።

ላባና ደም ሜዳ ላይ መጣል፦ ውሻ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ቀበሌ ይሄዳል። ጉድጓድ ቆፍሩ።

በቁም ክብደት ዋጋ መስማማት፦ 2 ኪሎ የነበረችው ታርዳ ስትጸዳ 1.4 ወይ 1.5 ኪሎ ነው የምትሆነው። የጫጩቱን፣ የመኖውን፣ የማሳረጃውን፣ የበረዶውን፣ የመኪናውን ደምራችሁ ለዛችው 1.4 ኪሎ አካፍሉና ነው ዋጋ የምትጠሩት፣ ሆቴሉ በዱቤ እወስዳለሁ ካለም መቼ እንደሚከፍል በወረቀት ይሁን።