ሼር ተደርጎ የማይከፈት ጽሑፍ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጅማ ተቀምጣችሁ ስለ ቡና፣ ስለ ማር ወይም ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት ትጽፋላችሁ። ሊንኩን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ። የሚገባ ሰው ግን የለም። ርዕስ ከመቀያየራችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ።

ሊንኩ ያለ ፎቶ ወጣ

ፌስቡክ ፎቶውንና ርዕሱን የሚወስደው ከገጻችሁ ኮድ ነው፤ ኦፕን ግራፍ ከሚባሉት መለያዎች። ካልተሞሉ ወይ ባዶ ይወጣል፣ ወይ ያገኘውን ሎጎ ይለጥፋል። 1200 በ630 ፒክስል የሆነ ዋና ምስል አስገቡ። አስተካክላችሁም አሮጌው ከወጣ አትደንግጡ፤ ቀድሞ ያስቀመጠውን እያሳየ ነው። ለፌስቡክ፣ ሼሪንግ ዲባገር (Sharing Debugger) የሚባለው የራሱ የፌስቡክ የሊንክ መፈተሻ ገጽ ላይ ሊንኩን አስገብታችሁ እንደገና እንዲያነበው አድርጉ። ለቴሌግራም ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላኩት።

ላይክ አለ፣ ጎብኚ የለም

ብዙ ሰው የሚያደክመው ይሄኛው ነው። ላይክ ለጅማ ፍቅር ብቻ ሊደረግ ይችላል። ለመክፈት ግን ምክንያት ያስፈልጋል። «የጅማ ቡና» የሚል ርዕስ ምክንያት አይሰጥም፤ ጅማ ላይ ቡናን የማያውቅ ማን አለ? «ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለምን ይሻግታል?» ብትሉ ግን ቡና ያሰጣ ሁሉ ይከፍተዋል፣ ለጎረቤቱም ይልከዋል።

ወይም ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ ፖስቱ ላይ ገልብጣችሁታል። እዚያው አንብቦ ከጨረሰ ለምን ይገባል? ፖስቱ ላይ አንዱን ምክንያት ብቻ ጥቀሱ፤ ቡናው በጣም ወፍሮ መሰጣቱን። ማታ ጤዛ ሲወርድ አለመሸፈኑንና ቀን በደንብ አለመገላበጡን ለገጹ አቆዩት።

«ጉድ ፈላ! አያምኑም!» ዓይነት ርዕስ እኔ አልመክርም። አንዴ ይሠራል። ጅማ ሰው ይተዋወቃል፤ ሁለተኛ ማንም አይከፍትላችሁም።

ገብቶ ወዲያው ይወጣል

ፎቶው ከስልክ እንደወጣ ተጭኖ ከሆነ ብዙ ሜጋባይት ይበላል። አንባቢያችሁ የሚከፍተው በዳታ ነው። ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጉት። ፎቶው ቀላል ከሆነ ደግሞ መግቢያውን እዩት። ስለ ሻጋታ ሊያነብ የመጣን ሰው ከአባ ጅፋር ዘመን አታስጀምሩት። መልሱ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይሁን፣ ታሪኩ ከታች ይምጣ።

አንድ ቀን ግርግር፣ ከዚያ ጭር

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የሼር ጠባይ ነው። ጽሑፉ ግርጌ ላይ ተዛማጅ ጽሑፍና የቴሌግራም ቻናላችሁን ሊንክ አስቀምጡ። የቡናውን ደግሞ በየዓመቱ ለቀማ ሲጀመር መልሳችሁ ለጥፉት።