የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ሲቆጣጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወዳጄ መምህር ነው። የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ገባና፣ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቁጭ ብለን «ስለ ውሃ ማጣሪያ ምን አውቄ ነው የምቆጣጠረው?» አለኝ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ፈረቃ ጠብቆ፣ ጀሪካን ደርድሮ ያደገ ነውና ስለ እጥረቱ የሚነግረው አያስፈልገውም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራን ሥራ መቆጣጠር ግን ለብቻው ሥራ ነው። እኔ ለዓመታት በሱፐርቪዥን ሥራ ላይ ስለቆየሁ ኮሚቴ ሲመጣ ሪፖርት ከሚያቀርቡት ወገን ነበርኩ። ምን እንደጠየቁን ብቻ ሳይሆን ምን ሳይጠይቁን እንደሄዱም አውቃለሁ። ለእሱ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ እነሆ፤ ለውሃ ቦርድ አባልም፣ ለኦዲተርም፣ ለቀበሌ ተወካይም ይሆናል።

የወጣን ብር እንደተሠራ ሥራ መቁጠር

ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በ«በጀት አጠቃቀም» ነው። ሥራ ተቋራጩ ውል ሲፈርም የቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል፤ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የ100 ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት 30 ሚሊዮኑ ወጥቶ፣ ሳይቱ ላይ ግን አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና አንድ ዘበኛ ብቻ ቢያገኙ አይደንግጡ። ገንዘቡ በዋስትና የተያዘ ነው፣ ከየክፍያ ሰርተፊኬቱም እየተቀነሰ ይመለሳል። ስህተቱ «30 በመቶ ደርሰናል» ሲባል ማጨብጨቡ ላይ ነው። የተከፈለው ስንት ነው? መሬት ላይ ተለክቶ የተረጋገጠው ሥራስ ስንት ነው? ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ። ቀጥሎ ማንም የማይጠይቀውን ያንሱ፦ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው የሚያበቃው መቼ ነው? ውሉ ሁለቴ ተራዝሞ ዋስትናው ሳይታደስ ቀኑ ያለፈበት ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ተቋራጩ ጥሎ ቢሄድ መንግሥት የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ስለ ዋጋ ማስተካከያም አንድ ነገር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፓምፑና የክሎሪን ማደያው ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ጭማሪ የጠየቀ ተቋራጭ ሁሉ ሌባ አይደለም። ድንጋይና የቀን ሠራተኛ ግን በዶላር አይገዛም። ማስተካከያው የትኛውን ዕቃ እንደሚመለከት በዝርዝር ካልቀረበ ውይይቱን ሌላ ቀን ያድርጉት።

ቦዩ ከተደፈነ በኋላ መሄድ

ኮሚቴ መጎብኘት የሚወደው ጋኑን፣ ማለትም የውሃ ማጠራቀሚያውን ነው። ጋን ትልቅ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ግን መሬት ውስጥ የሚቀበረው ቧንቧ ላይ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ቧንቧ ሲዘረጋ ከሥሩ የአሸዋ ወይም የተበጠረ አፈር ንጣፍ ይኖረዋል። እንደኛ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይሄን ንጣፍ መዝለል ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። አንድ ቀን ከቀጠሮ በፊት ደርሼ፣ የፕላስቲክ ቧንቧው እንደ ቢላ በሾለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ሁለት ልጆች በአካፋ አፈር ሲመልሱበት አገኘሁ። ከሰዓት ብመጣ ኖሮ የማየው ለስላሳ አፈር ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት የግፊት ፍተሻ ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ በሥራ ላይ ከሚሸከመው አንድ ተኩል እጥፍ። የፍተሻውን ቅጽ ይጠይቁ። ቀን፣ የመስመሩ ርዝመት፣ የተነበበው ግፊት፣ የሁለት ወገን ፊርማ ሊኖረው ይገባል። አሥር ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ የቀረበው ቅጽ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቀሪው መስመር የተፈተሸው በጸሎት ነው ማለት ነው።

በተቆጣጣሪው ላይ ብቻ መተማመን

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በወረቀት የአሠሪው ወገን ነው። ኑሮው ግን ሳይት ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ በውሉ መሠረት ተቋራጩ ያቀረበው ነው፤ ነዳጁም፣ ቢሮውም፣ ቀስ እያለ ምሳውም እንዲሁ። በልቶ ወጪት ሰባሪ መባልን ማን ይወዳል? እኔም አልወደድኩም፣ እውነቱን ለመናገር። ስለዚህ የሳይት ቡኩን፣ ማለትም የሥራ ቦታውን የዕለት መዝገብ ገልጠው ተቆጣጣሪው «ይፍረስ» ወይም «ይታረም» ብሎ የጻፈበትን ገጽ ይፈልጉ። ሁለት ዓመት በፈጀ ሥራ አንድም እርማት ካልተጻፈ፣ ያ ሥራ እንከን የለሽ ሆኖ አይደለም። እርስዎም ለጉብኝት ሲሄዱ በተቋራጩ መኪና አይሂዱ፤ ባጃጅ አለ።

ለሁሉም ውሃ አንድ ዓይነት መጠይቅ

«ውሃው ተመርምሯል?» «አዎ፣ ተመርምሯል።» ይህ ጥያቄ አይደለም። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ጥርት ብሎ ፍሎራይድ ወይም ብረት ሊበዛበት ይችላል፤ ክሎሪን ደግሞ ፍሎራይድን አይነካውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከወንዝ የሚጠለፍ ውሃ ጠላቱ ድፍርስነት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች በከተማውና በፋብሪካዎቹ አካባቢ አልፈው ወደ ቦርከና ይገባሉ። ፋብሪካ ባለበት ተፋሰስ የባክቴሪያ ውጤት ብቻ ይዞ «ንጹህ ነው» ማለት አይበቃም፤ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችም ከዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለባቸው።

ጊዜውም ያሳስታል። ጉብኝት የሚወደደው ጥር ነው፣ መንገዱ ደረቅ፣ ውሃው ኩል የመሰለ። የወንዝ ውሃ ማጣሪያ የሚፈተነው ግን ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎርፉ ቡና መስሎ ሲመጣ ነው። በዚያ ጊዜ ድፍርሱን የሚያረጋው ኬሚካል መጠን በየቀኑ በጃር ቴስት (በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ጨምሮ በመሞከር) ተለክቶ መቀየር አለበት። የነሐሴን መዝገብ ይጠይቁ። ከጥር እስከ ነሐሴ ያው አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ከተጻፈ መዝገቡ የተሞላው ወንበር ላይ ነው።

ናሙናም እንዲሁ። ለባክቴሪያ ምርመራ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ በኪስ የመጣ ውሃ ናሙና አይባልም። ጠርሙሱ የተቀቀለና ክሎሪኑን የሚያመክን ኬሚካል ያለበት መሆን አለበት፤ ቀዝቅዞም በሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ያለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን ሲገድል ይቆይና ውጤቱ ከቧንቧው የተሻለ ሆኖ ይመጣል።

ክሎሪኑን ከጣቢያው በር ላይ መለካት

ጣቢያው ላይ ሲለካ ሁሌም ጥሩ ነው። ጉዳዩ መጨረሻው ቧንቧ ላይ፣ ከሁሉም ከፍታ ላይ ያለው ቤት ጋ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ያጣል፤ ደሴን የመሰለ ከጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለ ከተማ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ባዶ የቀረ ቧንቧ በቀዳዳው ከአጠገቡ ያለውን ፍሳሽ ይስባል። ክሎሪኑ የሚያስፈልገው ለዚያ ሰዓት ነው። መጨረሻው ቧንቧ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት።

ወሎ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለ ቤት ውሃ ቀድቼ በትንሿ ብልቃጥ የዲፒዲ እንክብሏን ጨፈለቅኩ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። የቤቱ እመቤት ከደጃፉ ሆነው ያዩኛል።

«ምን መድኃኒት ነው የምትጨምርበት፣ ልጄ?»

«መድኃኒት አለው ወይ ብዬ እየፈለግኩ ነው፣ እማማ።»

ብልቃጧን ወደ ብርሃን አነሳኋት። ነጭ፣ ልክ እንደተቀዳ። «የለውም» አልኳቸው።

«አብሽር፤ እኛ አፍልተን ነው የምንጠጣ። አንተን ነው ያሳዘነህ።»

የዚያ ወር ሪፖርት ላይ ክሎሪኑ 0.5 ተብሎ ተጽፏል። ውሸትም አልነበረም፤ ጋኑ ሥር 0.5 ነበር።

የመጋዘኑን ካርድ አለማየት

ለመምህሩ ወዳጄ አጥብቄ የነገርኩት ይህን ነው፤ መሐንዲስነት አይፈልግም፣ ማካፈል ብቻ። አንድ ጣቢያ በቀን 5,000 ሜትር ኪዩብ ያመርታል፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይጨምራል እንበል። በሜትር ኪዩብ 2 ግራም ማለት ነው፤ በቀን 10 ኪሎ ክሎሪን። በበርሜል የሚመጣው ዱቄት ግን ሁሉም ክሎሪን አይደለም፤ አዲስ ሲሆን ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። 10ን ለ0.65 ያካፍሉ፦ በቀን 15.4 ኪሎ፣ በወር 460 ኪሎ ገደማ። በርሜሉ 45 ኪሎ ከሆነ አሥር በርሜል።

አሁን መጋዘን ይግቡና ቢን ካርዱን፣ ማለትም የዕቃውን ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ ይጠይቁ። በሞዴል 19 የገባው፣ በሞዴል 22 የወጣው ስንት ነው? በወሩ የወጣው አራት በርሜል ከሆነ፣ ወይ የተባለው ውሃ አልተመረተም፣ ወይ ክሎሪኑ አልተጨመረም። ሃያ ከሆነም ይጠይቁ፤ ክሎሪን ገበያ ላይ ገዢ አለው። ዱቄቱ የተቀመጠበትንም ቦታ ይዩ። ሙቀትና እርጥበት ያደክሙታል፤ ከቆርቆሮ ሥር ሁለት ዓመት የከረመ በርሜል ላይ የተጻፈውን 65 አይመኑት።

ሌላው ምስክር የመብራት ቢል ነው። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ የፓምፑ ብክነት ተጨምሮ፣ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። 5,000 ሜትር ኪዩብ በቀን ያን ያህል ከፍታ ተገፍቷል ከተባለ ቢሉ ላይ በቀን ከ2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ መታየት አለበት። የዋናው መስመር ቆጣሪ «ተበላሽቷል፣ በግምት ነው የምንጽፈው» ሲሉዎት (ይሉዎታል) ቢሉና ሞዴል 22 ይፈርዳሉ።

አንድን ፓምፕ ሁለት ጊዜ መቁጠር

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የመልሶ ግንባታ ገንዘብና መደበኛ በጀት ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አለ። የፓምፑንና የጀነሬተሩን ተከታታይ ቁጥር ከሁለቱም ሪፖርት ላይ ያመሳክሩ። ይኸው ነው።

ርክክቡን እንደ መጨረሻ ማየት

ሪባን የሚቆረጠው ጊዜያዊ ርክክብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት የሚቆይ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ፤ ከየክፍያው የተያዘው ገንዘብ፣ በአብዛኛው 5 በመቶ፣ ለዚሁ ነው። ያ ዓመት ግን ማንም ሳያየው ያልፋል። ክረምቱ ያሳየውን ስንጥቅ፣ የተቃጠለውን ፓምፕ፣ የማይዘጋውን ቫልቭ በቀኑ በደብዳቤ ያላሳወቀ አሠሪ በመጨረሻው ርክክብ ቀን የሚለው ነገር የለውም። ከሪባኑ በፊት ደግሞ ትራንስፎርመሩ ተተክሎ እንደሆነ፣ ኦፕሬተሮቹ ተቀጥረው እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት ክሎሪን በማን በጀት እንደተያዘ ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ለብቻው ውል ስለሚሆን፣ ሁሉ ነገር አልቆ መብራት የሚጠብቅ ጣቢያ ብርቅ አይደለም።

መረጃን በቃል መጠየቅ

በስብሰባ ላይ የተጠየቀ ነገር በስብሰባ ላይ ይመለሳል፣ ማለትም በቃል። የኮሚቴ አባል ሳይሆኑ ተራ ነዋሪም ቢሆኑ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ከመንግሥት አካል መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። «ስለ ፕሮጀክቱ መረጃ» ብለው አይጻፉ፤ «የነሐሴ ወር የክሎሪን መዝገብና የሞዴል 22 ኮፒ» ይበሉ። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁና የሚቀርልዎት ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማህተም ያስመቱ። ቀን ከሌለው 30ው ከየት ይቆጠራል?