የዘመመ ግራፊክስ ካርድ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የኮምፒውተሩን ኬዝ (ሳጥኑን) መስታወት ከፍታችሁ በጎን ስታዩት የግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ካርድ፣ ጫፉ ወደ ታች ዘመም ብሏል። ጌሙ ደግሞ ሰሞኑን መንቀርፈፍ ጀምሯል። ሁለቱ ነገር ይገናኛል? አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገናኝም። ካርድ ስለዘመመ ብቻ ፍጥነቱ አይቀንስም። የሚቀንሰው መዝመሙ ንክኪ ሲያላላ ወይም የሆነ ነገር ሲሰነጥቅ ነው።

አሁን ካሉት ትልልቅ ካርዶች ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አሉ። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት ከኋላ ያሉት ብሎኖችና የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ስሎት፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበት ቦታ፣ ናቸው። ሌላው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ወይም ካርዱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስሎቱ ንክኪ ነው። ምንም ሳትፈቱ መፈተሽ ትችላላችሁ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ማዘርቦርዱ ከታች እንዲሆን ኬዙን በጎኑ አስተኙት። ካርዱ አሁን ቀጥ ብሎ ስለቆመ ክብደቱ ወደ ጎን አይጎትተውም። መልሳችሁ አብሩት። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሰራውን ሶፍትዌር) ሳጠፋና ስጭን ከርሜ፣ ኬዙን አስተኝቼ ሳበራው ምስሉ ፏ ብሎ መጣ።

እናንተም ጋ እንዲህ ከሆነ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ኃይል ሙሉ በሙሉ ይቋረጥ። ብሎኖቹን ፍቱ፣ የስሎቱን መቆለፊያ ተጫኑ፣ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። መቆለፊያው ሳይለቅ መታገል ስሎቱን ይሰብራል፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ስሎቱ ውስጥ የሚገቡትን የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉና ይድረቁ። ስትመልሱት መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ግፉት። ብሎኖቹን ስታጠብቁ በሌላ እጃችሁ የካርዱን ጫፍ ከስር ደገፍ አድርጉት። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላል፤ ዘሞ የታሰረ ካርድ ግን እንደዘመመ ይቀራል።

ምስሉ ደህና ነው፣ ፍጥነቱ ግን ቀንሷል

የካርዱን መረጃ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱና ባስ ኢንተርፌስ የሚለውን እዩ። ካርዱና ማዘርቦርዱ መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር 16 መሆን ሲገባው 8 ወይም 4 ካሳየ ንክኪው ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ስራ ሲፈታ ግንኙነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ እዚያው ያለውን የጥያቄ ምልክት ነክታችሁ ካርዱን ስራ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ደግሞም ሲሰሩ ጀምሮ 8 መስመር ብቻ ያላቸው ካርዶች አሉ፤ አርቲኤክስ 4060 አንዱ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይም ተጨማሪ ኤስኤስዲ ሲገጠም መስመሩ ይከፈላል። እነዚህ ከመዝመም ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

መስመሩ ሙሉ ከሆነ ሙቀቱን እዩ። ሆትስፖት የሚባለው፣ ማለትም የቺፑ በጣም የሞቀ ቦታ፣ ከመደበኛው የጂፒዩ (የካርዱ ዋና ቺፕ) ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ከራቀ ማቀዝቀዣው ቺፑ ላይ እኩል አልተቀመጠም፣ ወይም በመካከላቸው የሚቀባው ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ይታያል

ኬዙን አስተኝታችሁም ካልጠፋ የካርዱ ቦርድ ተሰንጥቆ ወይም የሚሞሪ ብየዳው ለቆ ሊሆን ይችላል። ከስሎቱ መቆለፊያ አጠገብ ያለውን ጥግ በባትሪ መብራት መርምሩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እዚህ ላይ ድጋፍ አያድነውም። ኦቨን ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ምክር አትስሙ። ዋስትና ካለው ወደ ሻጩ፣ ከሌለው የቺፕ ብየዳ ወደሚችል ባለሙያ ውሰዱት።

ገና ምንም ካልተፈጠረ

ከፍታው የሚስተካከል መደገፊያ ከካርዱ ጫፍ ስር አቁሙ፣ ፋኑን ሳይነካ። ካርዱ ቀጥ እስኪል ብቻ ከፍ አድርጉት። ወደ ላይ ማጉበጥም ያው ጉዳት ነው። የፓወር ኬብሉም ካርዱን እንዳይጎትት ላላ አድርጉት። ኮምፒውተሩን በመኪና የምታጓጉዙ ከሆነ ደግሞ ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው ያዙት፤ ቆሞ የቻለው ክብደት መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ሲያጋጥም ሊሰብረው ይችላል።