የፒካቹ ካርድ አሰባሰብና አያያዝ

ፖኪሞን የተባሉት የጃፓን ምናባዊ ፍጡራን የተሣሉባቸውን የመጫወቻ ካርዶች ሁሉ እሰበስባለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ገንዘቡም ትዕግሥቱም ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህ አንድ ፍጡር መርጦ የእሱን ብቻ መከታተል ይሻላል። ለጀማሪ ቢጫውን ፍጡር ፒካቹን እመክራለሁ። ካርዱ የአይጥ ወገን ቢለውም፣ ንድፉን የሠራችው አትሱኮ ኒሺዳ ጉንጮቹን ያሰበችው ከሽኮኮ ተነሥታ እንደሆነ ተናግራለች፤ እነዚህ ጉንጮች ደግሞ፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ ለሰብሳቢም ትርጉም አላቸው።

ከመግዛት በፊት ካርድ ማንበብን መልመድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ የወጣው የመጀመሪያው ስብስብ 102 ካርዶች ያሉት ሲሆን፣ በሚትሱሂሮ አሪታ የተሣለው ፒካቹ ከታች በቀኝ ጥግ 58/102 የሚል ቁጥር ይዟል። የመጀመሪያው አኃዝ የካርዱ ተራ፣ ሁለተኛው የስብስቡ ብዛት ነው፤ አጠገቡ ያለችው ክብ ምልክት ደግሞ በብዛት የታተመ መሆኑን ታመለክታለች። ከቀደሙት ኅትመቶች ውስጥ የፒካቹ ጉንጭ ቀይ የሆነባቸው አሉ፤ በኋላ ወደ ቢጫ ስለተቀየረ ሰብሳቢዎች ቀዩን አብልጠው ይፈልጉታል።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሻጭ ይህንኑ ካርድ ይዞ «የ1995 ነው» በማለት ዋጋውን እጥፍ ሲጠራብኝ፣ እኔም ቁጥሩን በዓይኔ አይቼ ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከታች ያለው ደቃቅ ጽሑፍ በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ይጀምራል፤ ነገር ግን ያ የባለቤትነት መብት ዓመት እንጂ የኅትመት ዓመት አይደለም። የፖኪሞን ካርድ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 በመሆኑ፣ የ1995 ካርድ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለው ሻጭ ሁልጊዜ አታላይ ላይሆን ይችላል፤ እሱም እንደተነገረው ያወራ ይሆናል።

ሐሰተኛ ካርድ በብዛት የሚያጋጥመው በልጆች መጫወቻ ሱቆች ነው። በአንድ ሳጥን ያሉት ካርዶች ሁሉ ወርቅ የተቀቡ ከሆኑ ሌላ ማጣራት አያሻም። ለቀሩት ግን እውነተኛነቱ የተረጋገጠ አንድ ርካሽ ካርድ ይዞ መሄድና ጎን ለጎን ማመሳከር ይበጃል፦ መጠኑ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ ሐሰተኛው ጀርባ ሰማያዊው ፈዘዝ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ አንዳንዴም በእንግሊዝኛው ስም «ኢ» ላይ የምትገባው ጭረት ትጎድላለች። በእውነተኛው ካርድ ወረቀት መካከል ጥቁር ስስ ንጣፍ ስላለ፣ ከኋላው የስልክ ባትሪ ሲበራበት ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው። ካርዱን ቀዶ መመርመር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ቀዶ የሚያይ ግን የሚሰበስበው አይኖረውም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ የታሸገ ፓኬት ሳይሆን የሚፈለገውን ካርድ በቁጥሩ ለይቶ እንዲገዛ መጠየቅ ይገባል፤ በፓኬት ውስጥ ምን እንደሚወጣ አይታወቅምና። ካርዱ በስስ ፕላስቲክ ገብቶ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ተደርጎ በእጅ ሻንጣ ቢመጣ ይመረጣል። በፖስታ ከተላከም አስተሻሸጉ ያው ነው፤ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ሲረከቡ ጥቅሉ እንዳልታጠፈ እዚያው ማየት ያስፈልጋል።

አያያዙ ላይ የአዲስ አበባ አየር ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው የበጋው ፀሐይ ነው፤ መስኮት ዳር የተሰቀለ ካርድ ቀለሙ ይለቃል። ሁለተኛው የክረምቱ እርጥበት ሲሆን፣ በተለይ አብረቅራቂ ካርዶች አንዱ ገጻቸው ፎይል ሌላው ወረቀት በመሆኑ፣ ወረቀቱ እርጥበት ሲስብ ይጎብጣሉ። ገጹ የሚጣበቅ የፎቶ አልበም ፈጽሞ አይሆንም፤ ኪሶቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ አልበም ተፈልጎ፣ ከግድግዳ በራቀ መደርደሪያ ላይ መቆም አለበት። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት የሚጥላት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሰኔ በፊት ሁለት ሦስቱን አጠራቅሜ አልበሙ ባለበት ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ለመስቀልም አወጣቸዋለሁ።