ንፍሮውን በጋቢ ጠቅልሉት

ሽምብራና ስንዴ ርካሽ እራት የሚባለው ከሰሉና ጋዙ ሳይታሰብ ነው። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም።

ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ጣዱት። ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ አውርዱት፤ በፎጣ፣ ከላይ ደግሞ በወፍራም ጋቢ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። (ጥላሸቱን መጀመሪያ ጥረጉ፤ ነጭ ጋቢ ይቅርታ አያውቅም።) ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ስትፈቱት ሽምብራው በሁለት ጣት ሲጫኑት ፍርክስ ይላል። ጠንከር ካለ እንደገና አፍልታችሁ መጠቅለል ነው።

ጥራጥሬን የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። እሳቱ በአብዛኛው የሚለፋው ከድስቱ የሚያመልጠውን ሙቀት ለመተካት ነው፤ ጋቢው ማምለጫውን ይዘጋል። ድስቱ ሞላ ያለ ይሁን፣ ትንሽ ውኃ ቶሎ ይበርዳል። ለወጥ ከሆነ ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬው እንዳይለሰልስ ያደርጋል።

ቀይ ቦሎቄን ግን በዚህ መንገድ አታብስሉ። በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ብቻ ስለሆነ እስኪበስል እሳት ላይ ይቆይ። የበሰለውንም ንፍሮ እንደተጠቀለለ አታሳድሩት፤ ለብ ያለ ምግብ ለባክቴሪያ ይመቻል።