ከኋላ ማረፍ የሚባል ነገር የለም፦ በዙር ውድድር ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአያት አለፍ ብሎ ባለው ሰፊ አስፋልት ላይ አንድ ልጅ ውድድሩን አቋርጦ ሲወጣ አየሁት። ብስክሌቱን ወደ ጠርዙ ጎትቶ የውኃ መውረጃው ላይ ተቀመጠና «እግሬ ከዳኝ» አለኝ። እግሩ አልከዳውም። ይህ ልጅ እንጦጦን ስንወጣ እኔን ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል። የጎዳው የመረጠው ቦታ ነው። ከ40 ብስክሌተኛ 38ኛ ሆኖ ዘጠኝ ዙር ዞረ፤ በዐሥረኛው አለቀ። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁና ዛሬ ልጻፈው።

ክሪቴሪየም ማለት አጭር መንገድን ደጋግሞ በፍጥነት መዞር ነው። የእኛው 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና አራት ኩርባ አለው፤ 25 ጊዜ እንዞረዋለን። ጀማሪ ሁሉ ሰምቶት የሚመጣ አንድ እውነት አለ፦ ከሰው ጀርባ የተጠለለ ብስክሌተኛ ነፋሱን የፊተኛው ስለሚሰብርለት ጉልበት ይቆጥባል። ልክ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ግን «እንግዲያው ከሁሉም ኋላ ብሆን ከሁሉም ይበልጥ አርፋለሁ» ይላል። ኩርባ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ከፊት ያሉት አምስትና ስድስት ሰዎች ኩርባውን በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገብተው በ38 ይወጣሉ። ከእነሱ የሚከተለው ፍሬኑን ነካ ያደርጋል። ከእሱ የሚከተለው ትንሽ ጨመር አድርጎ ይይዛል። ሠላሳኛው ሰው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 22 ወርዷል። እሱ ከኩርባው ሲወጣ ፊተኞቹ ርቀዋል፤ ስለዚህ ከኮርቻው ተነሥቶ እስከ 45 መፈትለክ አለበት። ተንፍሶ ሳይጨርስ ሌላ ኩርባ ይመጣል። አራትን በ25 አባዙት፦ 100 ነው። ፊተኛው አንድ ውድድር ሲወዳደር ኋለኛው መቶ ይወዳደራል።

ያውም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የሳሳ አየር ለፍጥነት ይመቻል፤ ትንፋሽን ግን ይነሣል። ከአቅሙ በላይ የተፈተለከ ሰው እንደ ቆላው ቶሎ አያገግምም።

ወደ ኋላ የሚንሸራተቱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከጉልበት ጋር አይገናኝም። ይሉኝታ ነው። በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል አድገን፣ ኩርባ ላይ ሰው በጎናችን ሲመጣ እናሳልፈዋለን። ቀጥሎ የመጣውንም እናሳልፋለን። በአንድ ዙር 15 ሰው አሳልፎ «ግሩም ውድድር ነው» እያለ የሚስቅ ልጅ አይቻለሁ። ማታ መገናኛ ላይ ታክሲ ስንጋፋ ይህ ይሉኝታ የት እንደሚሄድ ይገርመኛል። እዚያ ከምታወጡት ትከሻ ግማሹን ይዛችሁ ኑ። ግፉ ማለቴ አይደለም፤ ቦታችሁን አትስጡ ነው የምለው። ቀጥታው መንገድ ላይ ቡድኑ፣ ማለትም ተጠጋግቶ የሚነዳው ሰው ሁሉ፣ ሰፋ ብሎ ሲዘናጋ በጎን በኩል ወደ ፊት ውጡ። በየዙሩ ሌሎች ሲያልፏችሁ እናንተም ካላለፋችሁ፣ ባላችሁበት የቆያችሁ እየመሰላችሁ መጨረሻ ትደርሳላችሁ። መነሻ መስመሩ ላይም ቀድማችሁ ቁሙ፤ ፎቶ በኋላ ይነሣል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ልምምድን ሁሉ ዳገት ማድረግ። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ተራራ የበዛበትን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁላችንም ኮርተናል፤ ከዚያ በኋላ የማገኘው ጀማሪ በሙሉ እንጦጦን የወጣበትን ደቂቃ ነው የሚነግረኝ። ለዙር ውድድር የሚያስፈልገው እግር ሌላ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 15 ሰከንድ ተፈትለኩ፣ 30 ሰከንድ ቀለል አድርጋችሁ ንዱ፤ ይህን 10 ጊዜ ድገሙት። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።

ኩርባ ውስጥ ፍሬን አይያዝም። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፍ በፊት ነው። የውስጥ በኩሉ ፔዳል ወደ ላይ፣ የውጪው ወደ ታች፣ ክብደት በውጪው እግር ላይ፣ ዓይን ወደ መውጫው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ኩርባ ውስጥ መርገጤን አላቆምኩም ነበር። የግራ ፔዳሌ አስፋልቱን ነካ፣ የኋላው ጎማ ተነሣ፣ ሦስት ሰው ይዤ ወደቅሁ። ከሦስቱ የአንዱ ሰላምታ እስከ ዛሬ እንደቀዘቀዘ ነው።

የፊት ጎማችሁን ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ። እሱ ጥቂት ዘወር ቢል የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።

መንገዱን ሳያዩ መወዳደርም አለ። የከተማ ዳር አስፋልት ዛሬ ንጹሕ ቢሆን ነገ ከግንባታ መኪና የወረደ አሸዋና ጠጠር ይጠብቃችኋል፤ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል፣ የፈሰሰ ናፍጣም አይጠፋም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የነጭ ቀለም መስመሩና የማንሆሉ ብረት እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ስለዚህ ጠዋት መጥረጊያ ይዘን እንወጣለን። አንድ ጊዜ አንዱ «ለመወዳደር እንጂ ለመጥረግ አልመጣሁም» አለን። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የቀረውን ጠጠር በክርኑ ጠረገው።

ጎማን በአውራ ጣት እየተጫኑ «ደርሷል» ማለት ይቅር። መለኪያ ያለው ፖምፓ ተዋሱ። 65 ወይም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ 80 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል፤ 120 መሙላት ብስክሌቱን ሻካራ አስፋልት ላይ ያነጥረዋል እንጂ አያፈጥነውም። ዝናብ ካለ ጥቂት ቀንሱ።

ካላማዳሪያ ቢፈነዳ ወዲያው ወደ ቤት አትሂዱ። በብዙ ክሪቴሪየም ጎማ የፈነዳበት ወይም የወደቀ ሰው አንድ ወይም ሁለት ዙር ቆሞ ጠግኖ ወደ ቡድኑ ይመለሳል፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ግን ይህ አይሠራም። ከመነሣታችሁ በፊት ዳኛውን ጠይቁ።

ሰውነት ሳያሟሙቁ መነሣት፣ በተለይ በኅዳር ብርድ ጋቢ ለብሶ ቆይቶ ፊሽካው ሲነፋ ጋቢውን መጣል፦ የመጀመሪያውን ዙር እንኳ አትጨርሱም። ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱ።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሁሉም የራሱ ሆድ አለው። ብቻ ቅዳሜ ተወዳድራችሁ እሑድ የምትደግሙ ከሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ቁርጥና ቢራ አትዘዙ። ፓስታ፣ ድንች፣ እንጀራ በሽሮ በቂ ነው፤ የጾም ወቅትም ቢሆን አይከፋም። በሶን እወዳለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ከውድድሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከሆነ መልካም ነው። እኔ አንድ ቀን ወፈር አድርጌ በማር የበጠበጥኩትን በሶ አንድ ሙሉ ጠርሙስ፣ መነሻው 20 ደቂቃ ሲቀረው ጠጣሁ። በሰባተኛው ዙር በሶው ከእኔ ቀድሞ ሊፈተለክ ፈለገ።

ዙር አለመቁጠር። ይህንን ለመጻፍ ያፈርኩት ራሴ ስለሠራሁት ነው። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል ይደወላል፤ የእኛ ደወል የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ይመታል። አንድ እሑድ ከፊት አራተኛ ሆኜ፣ እንደ እኔ ዕድሜ እግሬም ታዝዞልኝ እየነዳሁ ሳለ ደወል ሰማሁ። ሌላ ሳላስብ ወጣሁ። ሦስቱን አለፍኳቸው፤ ማንም አልተከተለኝም። ስላልተከተሉኝ ይበልጥ ኮራሁ። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ መስመሩን ሳልፍ ሁለት እጄን አነሣሁ። ዳኛው ወደ ሰሌዳው ጠቆመኝ፦ 3 ይላል። የሰማሁት ከኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን የመጣ የቅዳሴ ደወል ነበር።

እጆቼን መሪው ላይ መልሼ ሳሳርፍ ቡድኑ በሁለት በኩል አለፈኝ። የመጨረሻው ሰው ጎማ ላይ እንደ ምንም ተጠጋሁ፤ የቀሩትን ሦስት ዙሮች፣ ዐሥራ ሁለቱን ኩርባዎች፣ ከዚያ ሆኜ ነው የዞርኳቸው።